ጀርባ የሰጠ ዐይን

«እማዬ፣ ጀርባሽን አዙረሽ ቆመሽ ሳለ በየትኛው ዐይንሽ ነው ያየሽው?»

ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ትርንጎ ናት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እኔም እናት መልስ ሲያጥራት የምትለውን አልኳት፤ «እህልሽን ብዪ።» እሷ በላች፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ምሳ አልወረደልኝም።

ጥያቄዋ እንዲገባችሁ አስቀድሜ የአገራችንን ሕግ ልንገራችሁ። አገሩ የት ነው ብላችሁ አትድከሙ፤ ከደረሳችሁበት ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ሰዉ ሁሉ ባዶ እግሩን ነው የሚሄደው። ጫማ አጥቶ አይደለም፣ ሕግ ነው። ጫማ ያደረገ ዱካውን ሸሸገ፣ ዱካውን የሸሸገ ደግሞ ክፉ አስቧል ተብሎ ተደንግጓል። ሙሽራ ባዶ እግሯን ትዳራለች፤ ሀብታሙም ባዶ እግሩን ይቀበራል። ንጉሡም ባዶ እግሩን ነው ይባላል፤ ከአልጋው ስለማይወርድ ያየው የለም እንጂ።

ጫማ የተፈቀደላቸው ዱካ አንሺዎች ብቻ ናቸው። ዱካ አንሺ ማለት ወንጀል ሲሠራ ቦታው ድረስ ሄዶ፣ የወንጀለኛውን የእግር ምልክት ከነአፈሩ ቆርጦ፣ በእንጨት ገበታ አድርጎ ለዳኛ የሚያቀርብ ሹም ነው። እናንተስ ለምን ትጫማላችሁ ሲባሉ «ዱካ የሚያነሣ ሰው ዱካ ሊኖረው አይገባም» ይላሉ። እኛም ልክ ነው ብለን ተቀበልን። ያኔ ልክ ነው ብለን የተቀበልነው ብዙ ነው።

በጣቢያቸው በር ላይ «አፍ ይዋሻል፤ ዱካ አይዋሽም» ተብሎ በትልልቁ ተጽፏል። ጥቂት ፊደል ስለቆጠርኩ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አነብበዋለሁ። እውነትም ዱካ አይዋሽም። አንሺውስ የሚለው ግን ከበሩ በላይም ሆነ ከበሩ በታች አልተጻፈም።

አፍ ይዋሻል ስለተባለ በእኛ ችሎት የሰው ቃል አይሰማም። አየሁ፣ ሰማሁ፣ አብሬው ነበርኩ ማለት የዳኛውን ጊዜ ማባከን ነው። የሚሰማው ገበታው ነው። ገበታው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ጥላ ተይዞለት፣ አራት ሰው ተሸክሞት ሲያልፍ አገሬው ከመንገድ እየወረደ ያጎነብሳል። እኔ ለፈጣሪዬ የምሰግድ ሴት ነኝ፤ ለጭቃ ሳጎነብስ ግን ማንም አልከለከለኝም፣ እኔም ራሴን አልከለከልኩም።

ዳኛው ከወንበሩ አይነሣም። ቦታውን ሄዶ ካየ ዐይኑ ያዳላል ይባላል። ገበታው ሲገለጥለት ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ እግሩ የማን ነው፣ ጣቱ ስንት ነው፣ ገጠመ ወይ። ሦስቱ ተጠይቀው እስኪያልቁ ማንም ከችሎቱ ንቅንቅ አይልም። እግሩ የገጠመበት ሰው በማግስቱ ጠዋት በቅርጫት ተደርጎ ከችሎቱ ኋላ ወዳለው የጨው ጉድጓድ ይወርዳል። ጨው በገመድ ይወጣል። የወረደ ሰው ሲወጣ ግን አላየንም።

እግር የገጠመለት ዱካ አንሺ የሰጎን ላባ ይሸለማል። ላባ የሌለው ግቢ ይጠርጋል። በአርባ ዓመት ውስጥ ያልገጠመ ገበታ የለም እያሉ ይኮሩበታል፤ እኛም እንኮራበት ነበር። የሁሉም አለቃ ሊቀ ዱካ ቢተው ነው። ላባው ከመብዛቱ የተነሣ በር ላይ ሲደርስ በጎኑ ነበር የሚገባው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ገበታን ገበታ የሚያደርገው ሦስተኛው ነገር፣ ከጨርቁና ከጥላው ቀጥሎ፣ የዐይን አውራ ጣት ነው። ዐይን የሚባለው ከሠፈሩ የሚጠራ አንድ ሰው ነው። ዱካው ሲነሣ ቆሞ ያያል፤ አይቻለሁ ሲልም በገበታው ጠርዝ ላይ አውራ ጣቱን ይጫናል። ነገር ግን የዱካ አንሺ እጅ ሲሠራ ማየት ነውር ነው። ስለዚህ ዐይን የሚሆነው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቆመው። ሥራው ሲያልቅ፣ ገበታውም በጨርቅ ሲሸፈን፣ «ዙር» ይሉታል። ዞሮ ጣቱን ይጫናል። አለቀ፣ አየ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ።

በዚያ ክረምት ባለወፍጮው ደምሴ በውሃ ወፍጮው ደጃፍ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። የሞተው ዝናብ ከማለዳ እስከ ምሽት ሲወርድ በዋለበት ቀን ነው። ያን ቀን የጎረቤቴ የእትዬ ሽታዬ ቤት አፍስሶ፣ ልጇ አዳሙ ጣራው ላይ ተንጠልጥሎ ሳር ሲያለብስ ዋለ። ሳሩን ከታች ሆኜ የማቀብለው እኔ ነበርኩ።

«ውረድ አንተ ልጅ» ትላለች እናቱ። «ትወድቅና ጣራም ልጅም አጣለሁ።»

«ጣራው ይቅደም እማዬ» ይላል እሱ። «ልጅ ሌላ ትወልጂያለሽ።»

ስድሳ ዓመት አልፏታል። ሦስታችንም በዝናቡ ውስጥ ሳቅን።

ትርንጎ ደግሞ እንስራ ይዛ ወንዝ ወርዳ ስትመለስ «ጋሽ ሽበሺ ኩታውን እያጠበ ነው» አለችኝ። ሽበሺ የባለወፍጮው ሸሪክ ነው። በዚያ ዶፍ ልብስ የሚያጥብ ሰው አይታ ስለማታውቅ አስቋት ነበር። በማግስቱ የደምሴ መሞት ሲሰማ ግን አልሳቀችም። እጇን ይዤ ጣቢያ ወሰድኳት።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ በር ላይ የቆመው ዱካ አንሺ። ገና አንዲት ላባ ነበረችው።

«ልጄ ያየችው ነገር አለ።»

«ምን አየች አላልኩሽም። ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«ቃል» አልኩት።

«ቃል በእጅ አይያዝም» አለና በሩን ዘጋው።

ዱካ አንሺዎቹ ወፍጮው ጋ የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካው ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀው። ደጃፉ እንደ ታጠበ ሳህን ሆኖ ጠበቃቸው። የሰው ቀርቶ የውሻ ዱካ አልነበረበትም። ችሎት ዓርብ ነው፤ ያለ ገበታ ዓርብ አይመጣም። ስለዚህ ማክሰኞ ለት ከባለወፍጮው ጋር ተጣልተው የሚያውቁ ሰባት ጎበዞች ተለቅመው ጣቢያ ገቡ። ዱቄት ይቀንሳል እየተባለ ከደምሴ ጋር ያልተጣላ ሰው በአገሩ እንዳልነበረ ልብ አድርጉልኝ። ከሰባቱ አንዱ አዳሙ ነበር።

ረቡዕ ያው ባለ አንድ ላባ ዱካ አንሺ ባዶ ቅርጫት ይዞ ግቢዬ መጣ።

«የጣቢያው ጋን ተሰንጥቋል» አለኝ። «ጭቃ ስጪን፣ እንለስንበት።»

«እኔው መጥቼ ልለስንላችሁ እንጂ፤ የእጅ ሥራ ነውኮ» አልኩት።

«ሴት ወደ ውስጥ አትገባም።»

ካቦካሁት ላይ ሞልቼ ሰጠሁት። ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት፣ አልዋሽም። እኛ ሸክላ ሠሪዎች ከሠፈሩ ጫፍ ነው የምንኖረው። ሰው ማሰሮአችንን ይወዳል፣ እኛን ግን ደጁ ላይ ያቆመናል። ሹም ደጄ ድረስ መጥቶ አንድ ነገር ሲለምነኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ጠሩኝ። «ዐይን ሆነሻል» አሉኝ። ከጣቢያው ጓሮ አጥሩን እያየሁ ቆምኩ። ከኋላዬ ምን እንደሚሠሩ አላውቅም፤ አንዱ ያስላል፣ አንዱ ቢላ ይስላል። አጥሩ ላይ የምትሄድ እንሽላሊት ነበረች፤ ከዚያ ሁሉ ሥራ በዐይኔ ያየሁት እሷን ነው። «ዙሪ» ሲሉኝ ዞርኩ። ገበታው ተሸፍኗል።

«የማን እግር ነው?» አልኩ።

«ዐይን አይጠይቅም።»

ሰባቱ ልጆች ጣቢያ ውስጥ ናቸው። የአዳሙ አይሆንም ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ጣራ ላይ የዋለ ሰው ወፍጮ ደጃፍ ምን ዱካ ይኖረዋል? ጣቴን ጫንኩ። ገበታው እንደ ትኩስ ዳቦ ለብ ያለ ነበር፤ እሳት አጠገብ ያደረቁት ነገር ነው። እጄ ያንን ነግሮኛል፤ እኔ አልሰማሁትም።

እቤት ስደርስ ትርንጎ እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝና ነገርኳት። ያቺን ጥያቄ የጠየቀችኝ ያኔ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስድስቱ ጎበዞች ተፈተው መጡ። አዳሙ አልነበረበትም።

ዓርብ ችሎቱ ሞላ። ወምበር አስረስ የሚባለው ዳኛ ከወንበሩ ላይ ሆኖ «ዐይን ማን ናት?» አለ።

«እኔ ዘርፌ ነኝ ጌታዬ።»

«አይተሻል?»

ጨርቁ ገና አልተገለጠም። ለዚህ ጥያቄ ከአንዱ መልስ ሌላ የሰጠ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

«አይቻለሁ» አልኩ።

ከዚያ ገለጡት። ጭቃው ውስጥ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ ተበትኖበታል፣ ጤፍ የሚያህል። አወቅኩት። ገል ነው። ሸክላ ሠሪ የተሰበረ ማሰሮ አትጥልም፤ ወቅጣ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ታቦካዋለች። እሳት ያለፈበት አሮጌ ላላለፈበት አዲስ ትዕግሥት ይሰጠዋል ትለኝ ነበር እናቴ። በወፍጮ ደጃፍ፣ በወንዝ ዳር፣ በፈጣሪ መሬት ላይ ሁሉ ገል ተወቅጦ የተቦካበት አፈር የለም። ያለው በእኔ ግቢ ነው። ለጣቢያው ጋን ብዬ የሰጠሁት ጭቃ ላይ የአዳሙን እግር ረግጠውበት፣ ጣቴን አስደግፈውበት፣ ጥላ ይዘውለት መጥተዋል።

አዳሙን አመጡትና እግሩን አስገቡ። ተረከዙ አልገባም። ጣቶቹም ተጣጠፉ። ገበታው በግማሽ ጣት ጠቧል። ጭቃ ሲደርቅ እንደሚጠብ ሸክላ ሠሪ ሁሉ ያውቃል፤ ባለ ላባዎቹ ግን ማንን ጠይቀው ይወቁ? ሰዉ አጉረመረመ። ሊቀ ዱካ ቢተው ግን ላባውን ነቅንቆ ቆመ።

«ጌታዬ» አለ ለዳኛው፣ «እግሩ አብጧል። ጥፋት እግርን ያሳብጣል።»

ወምበር አስረስ ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ይህ ከዚህ ቀደም ተብሎ ያውቃል?»

«አሁን ተባለ ጌታዬ» አለ ጸሐፊው፣ እየጻፈ።

«እንግዲያው ተብሏል። ገጠመ።»

«ገጠመ» አለ ሰዉ። ከሁሉ ድምፁ ከፍ ያለው ሽበሺ ነበር፤ ከፊት ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል።

ያኔ እግሬ ሳላዘው ወደፊት ሄደ። «ጌታዬ፣ እግር አይደለም ያበጠው፣ ጭቃው ነው የጠበበው። ጭቃውም የወፍጮ ደጃፍ አይደለም፣ የእኔ ነው። ገሉን ይዩት። ረቡዕ ለጋን ብለው ወሰዱት። ደግሞ ደምሴ የሞተ ለት አዳሙ ጣራ ላይ ነው የዋለው፤ ሳር አቀብዬዋለሁ።»

«ስለ አፈር የሚጠይቅ ጥያቄ አለን?» አለ ዳኛው።

ጸሐፊው ብራናውን ገለባበጠ። «የለም ጌታዬ። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ስለ እግር ናቸው።»

ሊቀ ዱካ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ጣት ያንቺ አይደለም ወይ?»

«የኔ ነው።»

«አሁን ደግሞ በአፍሽ ሌላ ትያለሽ። ከጣትሽና ከአፍሽ የቱን እንመን? አፍ ይዋሻል።»

ችሎቱ ሳቀ። ጥሩ አድርጎ ነበር የተናገረው፤ በራሴ ባይሆን እኔም እስቅ ነበር።

አዳሙ ከመሀል ሆኖ «ተይው እትዬ ዘርፌ» አለኝ። «ሳር ያቀበልሽኝን እኔ አውቃለሁ።» ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እናቱ ግን እንደ እሱ አልማረችኝም። ስንወጣ መንገድ ላይ ጠበቀችኝና «ዘርፌ» አለችኝ፣ «ልጄን ጉድጓድ የገፋሽው በአንድ ጣት ነው። በሁለት እጅሽ ብትገፊው ምን ልትሆኚ ነበር?»

እቤቴ ገብቼ ጭቃ ማቡካት ጀመርኩ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ግቢው መሀል ዘርግቼ፣ ገሉን ነስንሼ፣ ረግጬ ረግጬ ለስልሶ እንደ ቅቤ ሲሆን ሊቀ ዱካ ቢተው በአጥሩ በር በጎኑ ገባ። ፀሐይ ገና ወደ ምዕራብ ማዘንበሏ ነበር። ትርንጎ ከማሰሮዎቹ መሀል ተቀምጣ ታያለች።

«አፈር ታውቂያለሽ አሉኝ» አለ።

«ከእሱ በቀር ምን አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ዐዋቂ ሴት ለጣቢያው ትጠቅማለች። የዘወትር ዐይን ላደርግሽ አስቤያለሁ። ጭቃውንም ከአንቺ እንወስዳለን፤ ከእንግዲህ እንዴት ሳይጠብ እንደሚደርቅ ታሳዪናለሽ። ሸክላ ሠሪ እያለ የሚያንቋሽሽሽ ሰው አይኖርም።»

«አዳሙስ?»

«እሱማ ገጥሟል» አለ፤ ያለቀ ቤት በር እንደሚዘጋ ሰው። ንግግሩን ሊጨርስልኝ ወደ እኔ መራመድ ጀመረ።

«እዚያ አይርገጡ ጌታዬ፣ እርጥብ ነው።»

«የምረግጠውን አንቺ አትነግሪኝም» አለና ረገጠ።

ቀኝ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ሊያወጣው ሲታገል ጠፍሩ ላልቶ እግሩ ብቻውን ወጣ፤ ጫማው እዚያው ቀረ። በአንድ እግሩ ሊቆም ሞከረ፤ ላባው ግን ከብዶት ተንገዳገደ። እንዳይወድቅ ባዶ እግሩን ፊት ለፊቱ አሳረፈው፣ ሙሉ ለሙሉ፣ ከተረከዝ እስከ ጣት፣ በለሰለሰው ላይ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የሊቀ ዱካን እግር አየሁት። አራት ጣት ነው ያለው። ትንሿ የለችም፤ ቦታዋ ድሮ የሻረ ጠባሳ ነው።

ውሃ አቀረብኩለት። ተቆጥቶ ታጠበ፣ ጫማውን ነቅሎ አጠለቀ፣ ጠፍሩን ጥብቅ አድርጎ አሰረና «ነገ መልስሽን እሰማለሁ» ብሎ ሄደ። ወደ ኋላው ግን አላየም። ጫማ የለመደ ሰው የረገጠውን አያይም።

«እማዬ» አለች ትርንጎ። «አራት ነው።»

«ጀርባሽን ሰጥተሽ ነበር?»

«አልሰጠሁም። እዚሁ ፊት ለፊት ነበርኩ።»

የማሰሮ አፍ የምቆርጥበትን ቢላ አነሣሁ። ጠርዙን ሳልነካ ዙሪያውን ቆረጥኩ፣ ከሥሩ ሰሌን አስገብቼ አነሣሁና ከምጣድ ባልጠበበ ሳንቃ ላይ አሳረፍኩት። እነሱ እንዳደረጉት እሳት አጠገብ አላስጠጋሁትም። በቀዘቀዘው አመድ ላይ፣ በጥላ፣ ቀስ ብሎ እንዲጠነክር ተውኩት። ትንሽ ቢጠብም አላሰጋኝም፤ ጥፋት እግርን ያሳብጣል ተብሏል፣ ተጽፏልም። ትርንጎ በጠርዙ ላይ አውራ ጣቷን ጫነች። ከዚያ ጸሎቴን አደረስኩ። ፈጣሪዬ ሆይ፣ ዛሬ ሳላይ አይቻለሁ ብያለሁ፤ ነገ አንዲት የሐሰት ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ጠብቀኝ አልኩና ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት አጥቤ ያቆየሁትን ነጩን ነጠላዬን አወጣሁና ገበታዬን ሸፈንኩበት። እትዬ ሽታዬ ደጅ ሄጄ «ጥላ ያዢልኝ» አልኳት። ከሰሌን የተሠራ አሮጌ ጥላ ነበራት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ ሌላ የምትይዘው ነገር ስላልነበራት ይሆናል። ከተፈቱት ስድስት ጎበዞች አራቱ ሊሸከሙ መጡ።

«የማን እግር ነው እትዬ ዘርፌ?» አለኝ አንዱ።

«ገልጠህ እየው። ዐይን ይጠይቃል ከእንግዲህ።»

ገለጠ። አራቱም አጎንብሰው አዩ፤ ጣት ቆጠሩ። በአገሩ አራት ጣት ያለው ባዶ እግር አይተው አያውቁም፤ ጣቢያ ሳሉ ጎናቸውን የረገጣቸውን ጫማ እያስታወሱ ይመስለኛል፣ አልሳቁም። ቀስ ብለው ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

ስንሄድ ሰዉ እንደ ልማዱ ከመንገድ እየወረደ አጎነበሰ። በችሎቱ በር የቆሙት ዱካ አንሺዎችም አጎነበሱ። ሊቀ ዱካ ቢተው ራሱ፣ ከሰዎቹ አንዱ ያነሣው ገበታ መስሎት፣ ላባው መሬት እስኪነካ አጎነበሰ። ሲወርድ ለማየት ሰዉም ዳኛውም እንደ ልማዱ ተገኝተዋል፤ አዳሙ ከወንበሩ ኋላ በሚታየው ቅርጫት ውስጥ ተቀምጧል። ገመድ ያዦቹ ቅርጫቱን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሊያወርዱ ፀሐይ የችሎቱን ምሰሶ እስክትነካ ይጠብቃሉ። አንድ ክንድ ያህል ቀርቷታል።

ገበታውን ከወንበሩ ፊት አኖርነው። ወምበር አስረስ ሳያስበው «ዐይን ማን ናት?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ።

«አይተሻል?»

«አይቻለሁ፤ ፊቴን ሰጥቼ።»

ጸሐፊው የመጨረሻዎቹን ቃላት ይጻፍ አይጻፍ ግራ ገብቶት ብዕሩን አንጠልጥሎ ቀረ። እኔ ነጠላዬን ገለጥኩ።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «ይህን ገበታ ያነሣሁት እኔ ነኝ። አፈሩ የግቢዬ ነው፤ ገሉ ይታያል። ሰውየው የረገጠው ትናንት ከቀትር በኋላ ነው፤ ሰው ሲገድል አይደለም፣ ጭቃዬን ሲያበላሽ ነው። አንዳች አልደበቅኩዎትም። ነገር ግን ስለ አፈርም ስለ ቀንም የሚጠይቁት ጥያቄ የለዎትም። ያሉዎትን ሦስቱን ይጠይቁ።»

ወምበር አስረስ ጸሐፊውን አየው። ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ መረመረ። «ጨርቅ አለው፣ ጥላ አለው፣ ጣት አለው። ገበታ ነው ጌታዬ። ገበታ ከተገለጠ ደግሞ...»

«ዐውቃለሁ» አለ ዳኛው። እጁን ወደ ገመድ ያዦቹ አነሣ። ቅርጫቱን ጎትተው ከጉድጓዱ አፍ መለሱትና መሬት አስቀመጡት። እትዬ ሽታዬ ግን ጥላውን አላወረደችም።

«እግሩ የማን ነው?»

ሰዉ ወደ ገበታው አንገቱን አሰገገ።

«ጣቱ ስንት ነው?»

«አራት» አሉ ከኋላ ያሉ፤ ከዚያ ከፊት ያሉት፤ ከዚያ ሁሉም። ሰው የጎረቤቱን እግር ማየት ጀመረ፤ ባዶ እግር ስለሆንን ጊዜ አልፈጀም። ሽበሺ የያዘውን ቆሎ ሳያኝክ አቆየው። እዚያ ችሎት ውስጥ ሊታይ ያልቻለ እግር የዱካ አንሺዎቹ ብቻ ነበር። እነሱም እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ቀጥሎ ሁሉም ወደ አንድ ሰው አዩ።

«ጫማዬን የሚያስወልቅ ሕግ የለም» አለ ሊቀ ዱካ ቢተው።

ጸሐፊው ብራናውን ገለበጠ። «የሚከለክልም አላገኘሁም ጌታዬ።»

«ቢወልቅም አይገባበትም። ጠቧል።»

«ካልገባማ አብጦ ነው» አለ አዳሙ ከቅርጫቱ ውስጥ።

ሰዉ አልሳቀም። ወምበር አስረስ በወንበሩ ላይ ወደፊት ዘንበል አለ፤ ከዚያ በፊት ዘንበል ሲል አይቼው አላውቅም። ሦስተኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ አፉን ከፈተ፤ ሲዘጋውም አየሁ። ፀሐይ ምሰሶውን ነክታ ነበር። ከዱካ አንሺዎቹ የሚንቀሳቀስ ጠፋ፤ ባለ አንድ ላባውም አጥሩን ያይ ነበር።

እኔ ጭቃ የለመደ ጉልበት ነው ያለኝ፤ መንበርከክ አይከብደኝም። ከሊቀ ዱካ ፊት ተንበረከክኩና የቀኝ ጫማውን ጠፍር መፍታት ጀመርኩ።